ወርቅ ላበደረ ጠጠር?

«ወርቅ ላበደረ ጠጠር» ይላል ያገራችን ሰው፣ ውለታ በልቶ የሚክደውን ሲወቅስ። ተረቱ ግን አንድ ጥያቄ ሳይመልስ ያልፋል። ለመሆኑ የተበደርነው ገንዘብ ካልሆነ፣ አበዳሪውም «መልሱልኝ» ካላለ፣ ዕዳችን ምንድን ነው? ነገሩን በባዶ ከመፈላሰፍ በአንድ መጻሕፍት ቤት ታሪክ ብንመረምረው ይሻላል። (ዘመናቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1919 ሲልቪያ ቢች የተባለች አሜሪካዊት የቄስ ልጅ፣ እናቷ በላከችላት ገንዘብ፣ ፓሪስ ውስጥ «ሼክስፒር ኤንድ ካምፓኒ» የተሰኘ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ቤት ከፈተች። በ1921 ቤቱ ወደ ኦዴዮን መንገድ ተዛወረ። በዚያው መንገድ ወዳጇ አድሪየን ሞኒዬ ከ1915 ጀምሮ የፈረንሳይኛ መጻሕፍት ትሸጥ፣ ታውስም ነበር። የቢችም ቤት ከሽያጩ ይልቅ በውሰቱ ይታወቅ ነበር፤ አባል የሆነ ሰው መዋጮውን ከፍሎ መጽሐፍ ይወስዳል፣ አንብቦ ይመልሳል። ገና ስም ያላወጣው ኧርነስት ሄሚንግዌይ ወደ ቤቱ በገባ ጊዜ ለመያዣ የሚሆን ገንዘብ አልነበረውም። እርሷ ግን «ስታገኝ ትከፍላለህ» ብላ መጻሕፍቱን አስይዛ ሰደደችው።

ትልቁ ፈተና የመጣው ከጄምስ ጆይስ ጋር ነው። «ዩሊሲስ» በአሜሪካ መጽሔት በተከታታይ ሲወጣ አዘጋጆቹ ተከሰው በ1921 ስለተፈረደባቸው፣ መጽሐፉን ለማተም የሚደፍር ጠፋ። ከዚያ በፊት አንድም መጽሐፍ አሳትማ የማታውቀው ባለሱቅ «እኔ ላሳትመው» አለች። ጆይስ በማረሚያው ወረቀት ላይ አዲስ ነገር መጨመሩን ባያቆምም፣ ወጪውም ቢንር፣ መጽሐፉ ደራሲው 40 ዓመት በሞላው ዕለት፣ በየካቲት 2 ቀን 1922 ወጣ። የታተመው 1,000 ቅጂ ነበር። ከዚያ በኋላ ለዓመታት አሳታሚውም፣ አከፋፋዩም፣ ለደራሲው ገንዘብ አበዳሪዋም እርሷው ነበረች።

በ1930 የተፈረመ ውል የማሳተሙን መብት ለእርሷ ሰጥቶ ነበር። ይሁን እንጂ አሜሪካ ውስጥ መጽሐፉን በሕጋዊ መንገድ ለማሳተም ተስፋ ሲታይ፣ የጆይስ ወዳጅ መጥቶ ስለወተወታት መብቷን ለቀቀች። በታኅሣሥ 1933 ፍርድ ቤቱ መጽሐፉን ነጻ አወጣው፤ በ1934 አንድ ትልቅ የኒውዮርክ አሳታሚ አወጣው፤ ከዚያ ገንዘብ ለቢች የደረሳት የለም።

እንግዲህ እንፍረድ። «ጆይስ ምን አጠፋ?» የሚል ይኖራል። መብቷን የለቀቀችው በፈቃዷ ነው፤ ድርሰቱ የእርሱ ድካም ነው፤ እርሷም ብትሆን ስሟ በዓለም የተጠራው በእርሱ መጽሐፍ ነው። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ዳሩ ግን ክርክሩ የሚያረጋግጠው በሕግ ዕዳ እንደሌለበት ብቻ ነው። ስጦታ ዋጋ አይጠየቅበትም ማለት ሰጪው እየከሳ ተቀባዩ ዝም ብሎ ይይ ማለት አይደለም። «ለፍቅር ብላ ነው ያደረገችው» የምትለዋ ቃል በሰጪዋ አፍ ስትሆን ልግስና ናት፤ በተቀባዩ አፍ ስትገባ ግን ማምለጫ ትሆናለች።

ታዲያ ሄሚንግዌይም ሆነ ጆይስ እኩል ባለዕዳ ናቸው? አይመስለኝም። የውለታ ዕዳ የሚመጣው ከአቅም ጋር ነው። ኪሱ ባዶ የሆነ አንባቢ ማንበቡ ብቻ ይበቃዋል፤ ያገኘ ቀን ግን ነገሩ ይለወጣል። በ1936 መደብሩ ሊዘጋ በተቃረበ ጊዜ አንድሬ ዢድና ፖል ቫሌሪን የመሰሉ ደራስያን የወዳጆች ማኅበር አቋቋሙ፤ አባላቱ በዓመት 200 ፍራንክ እያዋጡ፣ ደራስያኑም በዚያችው ጠባብ ቤት ሥራዎቻቸውን በድምፅ እያነበቡ ቤቱን አተረፉት። ይህ ምጽዋት አልነበረም፤ ግዢም አልነበረም። አብረው የሚቀመጡበት ቤት እንዳይፈርስ ማገር ማቀበል ነው።

ቤቱን ያዘጋው ድህነት ሳይሆን ጦርነት ሆነ። በ1941 አንድ የጀርመን መኮንን የጆይስን የመጨረሻ መጽሐፍ ልግዛ ቢል ቢች «አይሸጥም» አለችው፤ መኮንኑ ሊወርሳት ሲዝት መጻሕፍቱን ፎቅ ላይ ደብቃ የመደብሩን ስም በቀለም አጠፋች። ቀጥሎም ስድስት ወር ያህል ታሰረች፤ ሱቁን ዳግመኛ ሳትከፍተው በ1962 አረፈች። በ1951 በዚያው ከተማ ሌላ መጻሕፍት ቤት የከፈተው አሜሪካዊው ጆርጅ ዊትማን፣ በ1964 የእርሷን መደብር ስም ለራሱ ቤት አወጣ፤ መንገደኛ ወጣቶችንም በመደርደሪያዎቹ መካከል ያሳድር ነበር። ይህም ቤት በ2020 በወረርሽኙ ሳቢያ ገበያው ሲነጥፍ «ድረሱልን» ቢል፣ በሺዎች የሚቆጠር ትዕዛዝ ጎረፈለት።

አንባቢ ሆይ፣ ነገሩ የፓሪስ ብቻ አይደለም። እኛም ከተማ ውስጥ አንባቢ ቆሞ ሲያገላብጥ ፊቱን የማያጠቁር መጽሐፍ ሻጭ አለ፤ የሚያከራይም ነበረ። የዚያን ሰው መጽሐፍ አገላብጠን፣ ምክሩንም ሰምተን፣ ቤታችን ስንገባ የተሰረቀውን ቅጂ በስልካችን የምናወርድ ስንቶቻችን ነን? መጽሐፍ መወደዱ እውነት ነው፤ ገንዘብ የሌለውን አልወቅስም። የምጠይቀው ለሁለት ማኪያቶ የማይሰስተውን ነው። ወርቁን ለሰጠን ሰው ወርቅ መመለስ ላይቻል ይችላል፤ ቢያንስ ግን ጠጠሩን ወደ መስኮቱ አንወርውር። ከእኛ ኋላ የሚመጣ ባዶ ኪስ አንባቢ የሚገባበት በር ያስፈልገዋልና።