ስለ ቀለምና ስለ እውነት

ሰው የሚወደውን ነገር ለማሳመር መድከሙ የተፈጥሮው ነው። ቤት የሠራ ሰው ግድግዳውን ይለስናል፤ ፈረስ ያለው ኮርቻውንና ልጓሙን ያስጌጣል። ዛሬም ሞተር ብስክሌት የገዛ ወጣት ቀለሙን አስለውጦ፣ በቤንዚኑ ቋት ላይ የመረጠውን ስም ወይም ሥዕል አሠርቶ፣ በከተማ ውስጥ ሲያልፍ ሰው ሁሉ ዘወር ብሎ እንዲያየው ይፈልጋል። አንዳንድ ሽማግሌዎች ይህን አይተው «ከንቱ ነገር ነው» እያሉ ይነቅፋሉ። እኔ ግን ማሳመር ነውር ነው አልልም። ነገር ግን ማሳመር መልካም የሚሆነው መቼ ነው? ሐሰት የሚሆነውስ መቼ ነው? ይህን ያስተማሩኝ በደሴ ከተማ ያገኘኋቸው አንድ ቀለም ቀቢ ስለ ሆኑ፣ ነገሩን እንደ ሆነው ለወጣት አንባብያን እነግራለሁ። ታሪኩ ለእኔ ብዙ ክብር የሚሰጥ አይደለም።

አንድ አሮጌ ሞተር ብስክሌት ነበረኝ። በእርሱም ለሥራዬ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ እመላለስ ነበር። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በ25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ እየተጠማዘዙ መውረድ ነው። በአንድ የክረምት ቀን ከነዚያ ጠመዝማዛዎች በአንዱ ላይ ተንሸራትቼ ወደቅሁ። እኔ ተርፌ ተነሣሁ፤ ነገር ግን መሪው ከሻንሲው ጋር በሚጋጠምበት ቦታ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ ርዝመቱ ጣት የሚያህል ስንጥቅ ቀረ።

በዚያው ወራት ታናሽ እኅቴ ታማ ለሕክምናዋ ገንዘብ አስፈለገኝ። ሞተሩን ልሸጠው ቈረጥሁ። አሮጌ መሆኑ ፊቱ ላይ ይነበብ ስለ ነበረ «ቀለም ላስቀባው፤ ዋጋው ከፍ ይላል» ብዬ በሰኞ ገበያ አካባቢ ወደሚሠሩ አንድ አዛውንት ወሰድሁት።

እኒህ ሰው ሲሠሩ ማየት ራሱ ትምህርት ነበር። ከሥራው የሚበዛው ከቀለሙ በፊት ያለው ነው። በመጀመሪያ አሮጌው ቀለምና ዝገቱ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል። የጐደጐደው ቦታ በስቱኮ ተሞልቶ ሲደርቅ እንደገና ይላጋል። ከዚያ በኋላ ዝገት የሚከላከለው መነሻ ቀለም ይቀባል፤ ዋናው ቀለም የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እርሱም ስስ ስስ እየሆነ በመርጫ ይደራረባል እንጂ በአንድ ጊዜ አይወፍርም። ወፍራም የሆነ እንደ ሆነ ይፈሳል፤ ሳይደርቅ ቸኩለው የደረቡበት እንደ ሆነ ይሸበሸባል። ጉም በወረደ ቀንም አይቀቡም፤ እርጥበት ያለበት አየር የቀለሙን ብርሃን ይወስደዋልና። «ቀለም የብረት ልብስ ነው» ይሉ ነበር። «ብረት ውሃና አየር ሲያገኘው ይዝጋል። ቀለም እንዳያገኘው ይከልለዋል። ውበቱ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ምርቃት ነው።»

አሮጌውን ቀለም ፍቀው ወደ ሻንሲው አንገት ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። ስንጥቁን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«ልጄ፣ ይህን የምታስቀባው ለራስህ ነው ወይስ ለሌላ ሰው?» አሉኝ።

«ልሸጠው ነው ጋሼ» አልሁ።

«እንግዲያስ ይህን በስቱኮ ሞልቼ ቀለም ብደርብበት፣ የምቀባው ብረቱን አይደለም፤ የገዢውን ዓይን ነው።»

ነገሩ ከነከነኝ። «ጋሼ፣ እርስዎ ቀለም ቀቢ ነዎት እንጂ ዳኛ አይደሉም» አልኋቸው። ይህን ማለቴ ዛሬም ያሳፍረኛል። እርሳቸው ግን አልተቈጡም። «እውነትህን ነው፤ ዳኛ አይደለሁም። ስለዚህ አልፈርድብህም። እጄ ግን የእኔ ነው» ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ። ሞተሩን በሙሉ የሚያንጸባርቅ ጥቁር ቀለም ቀቡልኝ፤ በስንጥቁ ላይ ግን ዝገት የሚከላከለውን መነሻ ቀለም ብቻ አድርገው ሁለት ጣት የሚያህል ቦታ ቀይ ሆኖ እንዲታይ ተዉት። «ይህን ቦታ አፍህ ይሸፍነው» አሉኝ።

አንባቢ ሆይ፣ አፌ አልሸፈነውም። በመንገድ ላይ አንዲት ትንሽ ጣሳ ጥቁር ቀለም፣ ጥቂት ስቱኮና አንድ ብሩሽ ገዛሁ። ማታ በር ዘግቼ ስንጥቁን ሞላሁትና ቀባሁት። ለራሴም ብዙ ምክንያት ነገርሁት። «እኅቴ ታማለች። ገዢውስ ዓይን የለውም? ይመርምር! ደግሞስ ይህን የማያደርግ ሻጭ ማን ነው?» አልሁ። ክፉ ነገር ለመሥራት የተነሣ ሰው ምክንያት አጥሮት አያውቅም።

በማግሥቱ ሃያ ዓመት የሚሆነው አንድ ልጅ ሊገዛ መጣ። ሞተሩን እየዞረ አየና ደስ አለው። ቀጥሎም ጐንበስ ብሎ «ጋሼ፣ ይህች ቦታ ለምን ደበዘዘች?» አለኝ። በብሩሽ የተቀባና በመርጫ የተቀባ አንድ አይመስልምና፣ ስንጥቁን የሸፈንሁበት ቀለም ራሱ አሳበቀብኝ። «ቀለም ቀቢው ተሳስቶ ነው» የሚል ቃል ምላሴ ላይ መጣ። እንግዲህ አስተውሉ፤ መጀመሪያ ብረት ሸፈንሁ፤ ብረቱን የሸፈንሁበትን ለመሸፈን ደግሞ የአንድን ንጹሕ ሽማግሌ ስም ልቀባ ነበር። ሐሰት አንድ ጊዜ ተቀብቶ አይበቃውም፤ ሁልጊዜ ሌላ ድርብ ይፈልጋል።

ልጁ መልሴን ሳይጠብቅ ቋቱን እየደባበሰ «እናቴ ኮምቦልቻ ገበያ ትወርዳለች። ከእንግዲህ ከኋላዬ አስቀምጬ አወርዳታለሁ» አለ።

ያን ጊዜ ያ ጠመዝማዛ መንገድ በዓይኔ መጣ። ስቱኮ ብረት አያጋጥምም፤ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ውሎ አድሮ ይፈነቀላል። ከእርሱም ጋር የሚሰነጠቀው ሻንሲ የእናትና የልጅ ነፍስ የተሸከመ ነው። በኪሴ የነበረውን ቢላዋ አውጥቼ ቀለሙን ፋቅሁትና «ወንድሜ፣ እዚህ ላይ ተሰንጥቋል፤ የሸፈንሁትም እኔ ነኝ» አልሁት። ልጁ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አየኝ። ከዚያም «መሠራት ይችላል?» ብሎ ጠየቀ። አብረን ወደ ጥሩ በያጅ ሄድን። ካሰብሁት ዋጋ አንድ አምስተኛውን ቀነስሁለት፤ የብየዳውንም እኔ ከፈልሁ። ለእኅቴ ሕክምና የጐደለውን ከዕቁብ አስቀድሜ ወስጄ ሞላሁ፤ ዕዳው አንድ ዓመት ሙሉ ከበደኝ። እውነት ምንም አያስከፍልም ብዬ አላታልላችሁም።

ሻንሲው ከተበየደ በኋላ ወደ ሽማግሌው ተመለስን። ብየዳውን መርምረው አላጉት፤ መነሻ ቀለሙንና ጥቁሩን ደርበው ከሌላው አካል ለይቶ ማወቅ እስኪያስቸግር ድረስ አሳመሩት። ዋጋም አልተቀበሉኝም። «አሁንስ ለምን ሸፈኑት?» አልኋቸው። «የዳነ ቁስል ልብስ ይለብሳል። ያልዳነ ሲሸፈን ይመግላል» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ጌጥና ሽፋን ሁለት መሆናቸውን ተረዳሁ። ሁለቱም የሚሠሩት በአንድ ጣሳ ቀለም ሊሆን ይችላል፤ የሚለዩት በአሳብ ነው። ጌጥ ያለውን መልካም ነገር ያጐላል፤ ሽፋን ያለውን ክፉ ነገር ያስረሳል። አንድን ነገር አሳምረህ ስታበቃ «ከቀለሙ ሥር ያለውን ገዢው ቢጠይቀኝ ሳላፍር እነግረዋለሁ ወይ?» ብለህ ራስህን ጠይቅ። የምትነግረው ከሆነ ያስጌጥኸው በእውነት ነው። የምትደብቀው ከሆነ ግን ቀለምህ «ውስጡን ለቄስ» የሚባለው ነው።

በዚህ ነገር ሃይማኖታችንም ሕጋችንም አንድ ቃል ናቸው። በወሎ ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ገበያ ይገበያያል። ክርስቲያኑ ውጫቸው በኖራ ስለ ተለሰኑ መቃብሮች የተነገረውን ተግሣጽ ከወንጌል ሰምቷል። እስላሙም ነቢዩ በገበያ እጃቸውን በእህል ክምር ውስጥ አግብተው፣ ከደረቁ ሥር እርጥቡን ባገኙ ጊዜ ሻጩን እንደ ገሠጹት ተምሯል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ስውር ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያዛል። ይሁን እንጂ ሕግ የሚደርሰው ጉዳት ከደረሰ በኋላ ነው። ከጉዳቱ በፊት በቦታው የሚገኘው የሻጩ ኅሊና ብቻ ነው።

እንግዲህ ወጣቶች ሞተራቸውን አያስውቡ ማለቴ አይደለም። አባቶቻችንም ፈረሳቸውን ያስጌጡና በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር። አፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ዳግማዊ ምኒልክ «አባ ዳኘው» ይባሉ ነበር። ደሴን መናገሻቸው ያደረጉት ንጉሥ ሚካኤልም «አባ ሻንቆ» ነበሩ። ነገር ግን ስሙ ብቻውን ሰውን አላስከበረም። ንጉሥ ሚካኤል ገና ራስ ሳሉ በ1888 ዓ.ም. የወሎን ፈረሰኛ ይዘው ወደ አድዋ ዘምተዋል፤ ስሙን ያከበረው ይህን የመሰለው ሥራ ነው። ዛሬ በቋቱ ላይ ስም የሚያስጽፍ ወጣትም የዚያን ልማድ ፈለግ የያዘ ይመስለኛል። ስሙን ካስጻፈ ለስሙ የሚገባ ነጂ ይሁን።

ያ ልጅ በቋቱ ላይ በነጭ ቀለም የእናቱን ስም አስጻፈበት። አልፎ አልፎ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ፣ እናቱን ከኋላው አስቀምጦ በዚያው ጠመዝማዛ ላይ አገኘዋለሁ። ሲያየኝ ጡሩንባውን ይነፋልኛል። ያን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር፣ በዚያ ማታ በር ዘግቼ የያዝሁት ብሩሽ ትዝ ይለኛል። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንደሚባለው፣ እውነቱ ለእኔ በጊዜ ጠራልኝ። በዚያ ቍልቍለት ላይ ጠርቶ ቢሆን ኖሮ ግን የትኛው ቀለም ይሸፍነው ነበር?