ዩኒቨርሲቲው ወይስ ጎረቤቱ?

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት በወጣ ሰሞን በየቤቱ አንድ ሸንጎ ይቀመጣል። አባት፣ እናት፣ አጎት፣ ቀድሞ የገባ የሠፈር ልጅ ሳይቀር ተሰብስቦ «የቱን ይሙላ? የቱን ትሙላ?» ይባባላል። በዚሁ ሰሞን አንድ ጎረቤቴ ከመግሪብ ሶላት በኋላ መስጊዱ በር ላይ ያዙኝና «አንተ ኖረህበታልና እስቲ ምከረኝ» አሉኝ። ታላቁ ወንድ ልጃቸው አምና አርባ ምንጭ ገብቷል። ዘንድሮ ሴት ልጃቸው ከወንድሟ የበለጠ ውጤት አምጥታ ምህንድስና ማጥናት ትፈልጋለች። እርሳቸው ግን ከቤታቸው በአንድ ታክሲ በሚደረስበት የግል ኮሌጅ አካውንቲንግ እንድትማር ቆርጠዋል። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «ከነማን ጋር እንደምታድር አላውቅማ!» አሉኝ።

ይህ መልስ ተራ መልስ አይደለም። ብዙ ወላጆች በአፋቸው የማይናገሩት፣ በልባቸው ግን ቅጹን የሚሞሉበት መልስ ነው። ለመሆኑ ዩኒቨርሲቲ ሲመረጥ ሊጠየቅ የሚገባው ምንድን ነው? ትምህርቱ ነው? መኝታው ነው? ወይስ አብሮ የሚተኛው ሰው?

በቅድሚያ ስለ ትምህርቱ እንነጋገር። እንደሚታወቀው በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪው ምርጫውን ይሞላል፤ የሚመድበው ግን ትምህርት ሚኒስቴር ነው። ከዚህ ለየት ከሚሉት አንዱ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ራስ ገዝ ሆኖ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል። ብዙዎቻችን የምናወዳድረው በስም ነው። «ትልቅ ነው»፣ «የታወቀ ነው» እንላለን። በምን የታወቀ እንደሆነ ግን አንጠይቅም። ጎንደር በ1947 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ማሠልጠኛ ሆኖ ተመሠረተ። ሐረማያ ከግብርና ኮሌጅነት አደገ። አርባ ምንጭ በ1979 ዓ.ም. ሲከፈት የውሃ ቴክኖሎጂ ተቋም ነበር። ለሳይንስና ቴክኖሎጂ ተብለው የተለዩት ደግሞ የአዲስ አበባውና የአዳማው ናቸው። ተቋም እንደ ዛፍ ነው፤ ሥሩ ያለበትን ማወቅ ፍሬውን ለመገመት ይረዳል።

አባቶቻችን ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። የወሎ ደረሳ ነሕው ሲሻ በነሕው ወደሚታወቁት ሼኽ፣ ፊቅህ ሲሻ በፊቅህ ወደሚታወቁት ይጓዝ ነበር። የሚመርጠው ዓሊሙን እንጂ ቤቱን አልነበረም። ጎጆውን ራሱ ይቀልሳል፤ ቀለቡን የአገሬው ሰው ይችለዋል። ዕውቀት ፍለጋ ከቤት መራቅን የሚጠይቅ መሆኑ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም ማለት ነው።

ወደ መኝታው ስንመጣ ምርጫው ጥቂት ነው። አንደኛው በግቢው ዶርም እያደሩ በካፌ መብላት ነው። ሁለተኛው በዶርም እያደሩ «ኖን ካፌ» ሆኖ ራስን መመገብ ነው። ሦስተኛው ከግቢ ውጭ ቤት መከራየት፣ አራተኛው ከወላጅ ቤት መመላለስ ነው። ዶርምና ካፌ ምጽዋት የሚመስለው ሰው አለ፤ አይደለም። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራበት የወጪ መጋራት ሥርዓት ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ የትምህርቱንም ቢያንስ 15 በመቶ፣ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ይከፍላል። ስለዚህ ልጆቻችን የሚተኙት በራሳቸው ዕዳ ነው፤ አንገት የሚያስደፋ ነገር የለውም።

ለሴት ልጅ የቱ ይሻላል? «ከግቢ ውጭ ብትከራይ ነፃ ትሆናለች» የሚሉ አሉ። ነገር ግን ቤተ መጻሕፍቱም ቤተ ሙከራውም ግቢ ውስጥ ነው። የተከራየች ልጅ አንድም ሳይጨልም መጽሐፏን አጥፋ ትወጣለች፣ አንድም በጨለማ መንገድ ትሄዳለች። የሴቶች ዶርም ግን ሕንጻው የተለየ ነው፤ ፕሮክተር አለው፤ በሩ ላይ ጥበቃ አለ። አባት ከአከራዩ ይልቅ ይህን ማመን አይቀለውም? ከቤት መመላለስም ጥሩ ነው፤ የምትፈልገው ትምህርት በቤቷ አጠገብ ካለ!

ይህን ሁሉ ለጎረቤቴ ነገርኳቸው። እርሳቸው ግን «ሰዉስ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ማብቂያ በወልድያ ዩኒቨርሲቲ በተማሪዎች መካከል በተነሣ ግጭት ሕይወት ጠፍቷል። በዚያው ዓመት በኅዳር ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደየቤታቸው ይጓዙ የነበሩ ተማሪዎች ታግተዋል፤ አብዛኞቹም ሴቶች ነበሩ። ይህን ያየ ወላጅ ቢፈራ ፈሪ አይባልም። ፍርሃቱን ማቃለልም ሐዘኑን መናቅ ነው።

ሆኖም እዚህ ላይ ጥንቃቄንና ሽሽትን መለየት ያስፈልጋል። «መንገዱ በዚህ ወቅት ሰላም ነው ወይ? የምትሰግድበት ታገኛለች ወይ? ብትታመም ማን ይደርስላታል?» ብሎ መጠየቅ ጥንቃቄ ነው። እንዲህ ያለው ጥያቄ ቦታ ያስቀይራል፤ ከሩቁ ይልቅ የቅርቡን፣ መንገዱ ከሚያሠጋው ይልቅ ሰላም ያለውን ያስመርጣል። «የእኛ ሰው የሌለበት አትሂድ» ማለት ግን ሽሽት ነው። ሽሽት ቦታ ብቻ አያስቀይርም፤ የልጅቷን ትምህርት፣ ከትምህርቷም ጋር ዕድሜዋን ያስቀይራል። መለያው አስቸጋሪ አይደለም። ይህንኑ ጥያቄ ለወንድ ልጃችን አንሥተንለት ነበርን? ካላነሣን፣ ያሰብነው ስለ መንገዱ ብቻ አልነበረም ማለት ነው። በልጆች መካከል ፍትሕን መጠበቅ ደግሞ በወላጅ ላይ ያለ አማና ነው።

«ከወገን ጋር ማደር ነውር ነው እንዴ?» የሚል ይኖራል። አይደለም። በካይሮው አል-አዝሀር ከእኛ አካባቢ የሚሄዱ ተማሪዎች የሚያድሩበት የጀበርቲዎች ሪዋቅ የሚባል ክፍል ነበር። ታላቁ የግብፅ ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ የዚያ ሪዋቅ አለቆች ከነበሩ ቤተሰብ የተወለዱ ናቸው። ሶሪያዊውም፣ መግሪባዊውም፣ ቱርኩም የየራሱ ሪዋቅ ነበረው። ባዕድ አገር ለገባ ልጅ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ማግኘት እፎይታ ነው። ነገር ግን ሪዋቁ ቢለያይም መስጊዱ አንድ ነበር። ሌሊት ከወገኑ ጋር ያደረው ቀን ከሌላው ጋር ተቀምጦ ይማር ነበር። ሪዋቅ ማረፊያ እንጂ መሸሸጊያ አልነበረም።

ወደ ራሴ ልመለስ። ሦስተኛ ዓመት ሳለሁ፣ በ2007 ዓ.ም.፣ ረመዷን ከሰኔ ፈተና ጋር ተገጣጠመ። በዶርማችን ስድስት ነበርን፤ ስማችን በፊደል ተራ ተለጥፎ ነው የተገናኘነው። ከተደራራቢው አልጋ ላይኛው የእኔ፣ ታችኛው የአንድ ክርስቲያን ልጅ ነበር። ምህንድስና ነበር የሚያጠናው፤ እስከ እኩለ ሌሊት ሲያጠና ያመሻል። እኔ ለሱሑር ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ እነሣና መብራቱን አበራለሁ። ሎከሬን ከፍቼ ዕቃዬን አንኳኳለሁ፤ በስልኬም ቁርኣን እከፍታለሁ። መልካም ሥራ እየሠራሁ ነውና ማንን እንደምረብሽ አላሰብኩም። ዐሥረኛው ቀን ይሁን ዐሥራ አንደኛው፣ ዝቅ ብዬ ስመለከት ጋቢውን እስከ አፍንጫው ስቦ ዓይኖቹ ፈጠዋል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ፈተና ነበረው። «ለምን አልነገርከኝም?» ስለው «ጾምህ ነው ብዬ ነው» አለኝ።

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ዶርም ስገባ «ለዲኔ ይመቸኛል ወይ?» ብዬ ብዙ ጠይቄአለሁ። «እኔስ ለሰው እመቻለሁ ወይ?» ብዬ ግን አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም ነበር። ዲናችን የጎረቤትን ሐቅ እንዴት አድርጎ እንዳከበረ ከልጅነቴ ተምሬአለሁ። ጎረቤት ማለት ግን በአጥር ማዶ ያለ ሰው ይመስለኝ ነበር፤ ከአልጋዬ ሥር የሚተኛው መሆኑን የተማርኩት ያን ሌሊት ነው። ከዚያ በኋላ በስልክ መብራት እየበላሁ ቀሪውን ወር ጾምኩ። ይህን ትምህርት ከወገኖቼ ጋር ብቻ ባድር ኖሮ ላገኘው አልችልም ነበር፤ እነርሱማ አብረውኝ ይነሡ ነበርና!

እንግዲህ የትምህርት ክፍሉን፣ ርቀቱን፣ ካፌውን፣ የመንገዱን ሰላም እናወዳድር፤ ተገቢ ነው። ነገር ግን «ከነማን ጋር ታድራለች?» የሚለው ጥያቄ ግማሽ ጥያቄ ነው። ሌላው ግማሹ «አብረዋት ለሚያድሩትስ እርሷ ምን ትሆናቸዋለች?» የሚል ነው። የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ የሚጠይቅ ወላጅ ልጁን እንደሚሰበር ዕቃ ያያታል። ሁለተኛውን የሚጨምር ግን ያሳደጋትን ልጅ ያምናታል። ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ምግባር ስናስተምር የኖርነው ለመቼ ነው? ከቤት እስክትወጣ ድረስ ብቻ የሚሠራ ተርቢያ ምን ዓይነት ተርቢያ ነው?

ጎረቤቴ ሁሉን በዝምታ አዳመጡኝ። በመጨረሻ እኔው ጠየቅኋቸው፤ «ሐጂ፣ ልጅቷ ራሷ ስለ ዶርሙ ምን አለች?» አልኳቸው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «እርሷንማ አልጠየቅኋትም» አሉኝ። ኢሻ ደርሶ ነበርና ተያይዘን ገባን። ቅጹ የሚሞላው በዚያው ሳምንት ነው። ከእኔ ምክር ይልቅ ያቺ ያልተጠየቀች ልጅ የምትለው እንደሚበልጥ ለእርሳቸውም ለእናንተም አደራ እላለሁ።

አላህ ልጆቻችንን ከክፉ ይጠብቅልን፤ ለጎረቤቶቻቸውም መልካም ጎረቤት ያድርጋቸው። ወላሁ አዕለም።