ማቅለልና ማጕደል

ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው «ሲምፕሊፋይ» የሚለውን ቃል ባገኘ ጊዜ «ማቅለል» ብሎ ያልፋል። ነገር ግን በቋንቋችን የቀለለ ሁሉ የተመሰገነ አይደለም። ሸክም ቢቀልል ደስ ያሰኛል፤ ሰው ቢቀልል ግን ያሳፍራል። እንግዲህ ነገርን የሚያቀልል ሰው፣ የቀነሰው ሸክሙን ነው ወይስ ክብሩን ብሎ ራሱን መጠየቅ ይገባዋል።

በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቈላ የማሽላው ቡቃያ ከፍ ሲል ገበሬው በሬ ጠምዶ በመካከሉ ያርሳል፤ ይህም ሽልሻሎ ይባላል። አረሙ ይነቀላል፤ የቀረው እንዲያፈራም ደኅናው ቡቃያ ሳይቀር ይሳሳል። በሰፌድ ላይ ግን ሥራው ሌላ ነው፤ እህሉ ሲበጠር መውጣት የሚገባው ገለባና ጕድፍ ብቻ ነው። ገበሬው ደኅናውን ቡቃያ ለመንቀል የሚደፍረው ማሳው የራሱ፣ ጕዳቱም የራሱ ስለ ሆነ ነው።

የቃልም ሕግ እንዲሁ ነው። ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ድምፃቸው አንድ ከሆነ ፊደሎች አንዱን ብቻ መርጠው ጽፈዋል። በራሳቸው ማሳ ላይ ነውና ማንም አይከሳቸውም። የጥንቱን የግዕዝ መጽሐፍ የሚገለብጥ ሰው ግን «ሠረቀ ፀሐይ» የሚለውን በእሳቱ «ሰ» ቢጽፈው፣ የወጣችውን ፀሐይ ሌባ ያደርጋታል።

ነገሩ ከፊደል ይልቅ በጽሕፈት ቤት ይከብዳል። አንድ ገበሬ ከሮቢ ወንዝ ዳር መጥቶ፣ ጐርፍ ማሳውን እንደ ወሰደበትና ልጆቹን የሚያበላው እንዳጣ ቢናገር፣ ጸሐፊውም «የመሬት ጥያቄ» ብሎ ቢመዘግበው፣ መዝገቡ አጥሯል፤ ሰውዬው ግን ከጕዳዩ ወጥቷል። «ጐርፍ ማሳውን ስለ ወሰደበት ምትክ ይለምናል» ቢለው ግን ቃሉ ያው አጭር ነው፤ ፍሬው ግን አልፈሰሰም። ለሕፃናት ትምህርት የሚያቀልል መምህርም የሚፈተነው በዚሁ ነው።

ስለዚህ በራሳችን ቃል ላይ ሽልሻሎ ብናደርግ መልካም ነው። የሌላው ሰው ቃል ግን አደራ ነውና ሊበጠር እንጂ ሊሳሳ አይገባውም። መለኪያውም ሩቅ አይደለም፤ ያሳጠርነውን ለባለቤቱ መልሰን ስናነብለት «አዎን፣ ያልሁት ይህን ነው» ካለ አቅልለናል፤ ዝም ካለ ግን አጕድለናል።