የሙሴ ድካምና የቅዳሜ ከሰዓት አገልግሎት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በኦሪት ዘኁልቁ ምዕራፍ 11 ሊቀ ነቢያት ሙሴ ሲያማርር እናገኘዋለን። ሕዝቡ መናው ሰልችቶት፣ በግብፅ ይበላው የነበረውን ዓሣና ሽንኩርት እያስታወሰ በየድንኳኑ ደጃፍ ሲያለቅስ ሙሴ ወደ ፈጣሪው ዞረ። እኔ እናታቸው ሳልሆን እንደ ሞግዚት አቅፌ እንድወስዳቸው የታዘዝሁት ስለ ምንድን ነው በማለት አዘነ፤ ብቻዬን አልችላቸውም አለ፤ ይባስ ብሎም ሞቱን ለመነ። ይህን ምዕራፍ በልጅነቴ በዚሁ በሰንበት ትምህርት ቤታችን ስማር፣ ያን ያህል ተአምር ያየ ሰው እንዴት እንዲህ ይናገራል ብዬ ተገርሜ ነበር። ዛሬ አልገረምም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ 22 ልጆች ይዤ የምውል የስካውት መሪ ከሆንሁ 2 ዓመት ሊሞላኝ ነው።

አንዳንዶቻችሁ ስለዚህ አገልግሎቴ ስትጠይቁኝ «ይህ የፈረንጅ ጨዋታ ለምን ያስፈልግሃል? ጊዜህን ለምን ለመዝሙር ክፍሉ አትሰጥም?» ብላችሁኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ስካውት የተጀመረው በእንግሊዝ አገር መሆኑ እውነት ነው። ባደን ፓወል የተባለው የጦር መኮንን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1907 ዓ.ም. በነሐሴ ወር 20 ያህል ልጆች ይዞ ብራውንሲ በምትባል ደሴት ላይ ሰፈረ። ከልጆቹ ከፊሎቹ ከታወቁ የሀብታም ትምህርት ቤቶች የመጡ፣ ከፊሎቹ ደግሞ የሠራተኛ ልጆች ነበሩ። እነዚህን ቀላቅሎ በ4 ምድብ ከፈላቸውና ለየምድቡ ከራሳቸው መካከል አንድ ልጅ አለቃ አደረገ። በዓመቱ መጽሐፉን አሳተመ፤ ነገሩም በዓለም ተሰራጨ። እኔን የሳበኝ የዩኒፎርሙ ማማር አልነበረም፤ ልጅን በልጅ ላይ አለቃ አድርጎ መሾሙ ነው። የኋላ ኋላም ያሰናከለኝ ይኸው ነው።

አስቀድሜ ድካሙን ልንገራችሁ። በ8 ሰዓት ኑ የተባሉ ልጆች በ9 ሰዓት ይመጣሉ። ወላጆች «ስንት ይከፍሉሃል?» ይላሉ፤ «ምንም» ስትሏቸው እንደ ሥራ ፈት ያዩአችኋል። ስካርፍ የታደለ ዕለት 7 መሪዎች ነበርን፤ ፎቶግራፍም ተነሣን። ገመድና ድስት ተሸክሞ መሄድ ሲመጣ ግን እኔና አንዲት እኅት ብቻ ቀረን። አንድ ቅዳሜ አንድ አባት ልጁን ሳይወስድ መሸ። አንድ ትልቅ ሰው ከአንድ ልጅ ጋር ለብቻው አይቅር የሚል ደንብ ስላለን ሁለታችንም እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት በር ላይ ቆምን፤ እኔ ሰኞ ፈተና ነበረብኝ። አባትየው ሲመጣ «አላችሁ እንዴ?» አለን እንጂ አላመሰገነንም። ከዐሥሩ ለምጻሞች አንዱ ብቻ ተመልሶ ጌታን ማመስገኑን በዚያች ሌሊት አስታወስሁ። ራሴን ከጌታ ጋር ማወዳደሬ ግን ወዲያው አሳፈረኝ።

ደስታውም አለ፤ ብዙውን ጊዜ ግን ትንሽ ሆኖ ነው የሚመጣው። ሁለት ገመድ ማያያዝ ስናስተምር ቀኝን በግራ ላይ፣ ቀጥሎ ግራን በቀኝ ላይ እንላለን። ሁለቴም ቀኙን ከላይ ያደረገ ልጅ ቋጠሮው ይንሸራተትበታል። ለ5 ሳምንት ሲንሸራተትበት የቆየ ልጅ በ6ኛው ሳምንት ገመዱን ስቦ አልፈታ ሲለው የሚያሳየው ፊት፣ እመኑኝ፣ የሳምንቱን ድካም ያስረሳል። አንዲት የ11 ዓመት ልጃችን ደግሞ ታናሽ ወንድሟ ቤት ውስጥ ነስሮት ሁሉም «ቀና አድርጉት!» ብለው ሲጮኹ፣ የለም ብላ ወደ ፊት አጎንብሳው የአፍንጫውን ለስላሳ ክፍል ለ10 ደቂቃ ያህል ሳትለቅ ያዘችለት፤ ደሙም ቆመ። ይህንን የነገሩኝ አያቷ ናቸው፤ የነገሩኝም እየተቆጡ ነው፤ «ትልቅ ሰው አላዝ ብላ!» እያሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ባለፈው ዓመት ልጆቹን ይዘን ወደ መናገሻ ሱባ ደን ሄድን። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በወጨጫ ተራራ ላይ ያለው ይህ የጽድና የዝግባ ጫካ በ15ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ የተተከለ ነው ይባላል። ልጆቹ ጉሬዛ አይተው ጮኹ፤ ጉሬዛውም እነርሱን አይቶ ሸሸ። በመንገድ ላይ ስካውቶች የሚጠቀሙባቸውን ምልክቶች አስተማርናቸው፤ በድንጋይና በጭራሮ የሚሠራ ቀስት «በዚህ ሂድ» ማለት ነው፤ ክብ ሆኖ በመካከሉ ነጥብ ያለው ደግሞ «ወደ ቤቴ ሄጃለሁ» ማለት ነው። ባደን ፓወል እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1941 ዓ.ም. በኬንያ አርፎ በኒየሪ ሲቀበር በመቃብሩ ድንጋይ ላይ የተቀረጸው ይህ ምልክት መሆኑን ስነግራቸው ጸጥ አሉ።

ምሳ ለማብሰል ከጫካው ውጭ በተፈቀደልን ሜዳ ላይ ሦስት ጉልቻ ጎለትን። የምናበስለው ሁልጊዜ ሽሮ ነው፤ በዘይት ከተሠራ ጿሚውም፣ የእስላሙም የጴንጤውም ልጅ እኩል ይበላዋል። ክብሪት እንዲይዝ የታዘዘው የአንዱ ምድብ አለቃ፣ የ13 ዓመት ልጅ ነበር። ክብሪቱን ከውኃ ፕላስቲኩ ጋር በአንድ ቦርሳ ከቶት ርሶ ተገኘ። ልጁ ደነገጠ፤ ዞር ዞር ብሎ አየና ቅርብ ወዳለ ወደሚጤስ ቤት እያመለከተ «ጋሼ፣ ከዚያ ቤት እሳት ጭረን እንምጣ?» አለኝ። እኔ ግን ርቦኝ፣ ደክሞኝም ነበርና በልጆቹ ሁሉ ፊት «አንተን ማመን የእኔ ጥፋት ነው!» አልሁት። ከኪሴ ላይተር አወጣሁ፤ እሳቱን እኔ አነደድሁ፤ ሽሮውን እኔ አማሰልሁ። ምሳው ጥሩ ነበር። ልጆቹም እንደ እንግዳ ተደርድረው ተቀምጠው በሉ።

በሳምንቱ ቅዳሜ ቀድሜ ደረስሁ። ሁልጊዜ በምቀመጥበት ደረጃ ላይ የምድብ አለቃነቱ ፊሽካ ተቀምጧል። ከደረጃው በታች አቧራው ላይ ክብ ተሥሎ በመካከሉ ነጥብ ነበረበት።

እዚህ ላይ ወደ ሙሴ ልመልሳችሁ። አማቱ ዮቶር፣ ሙሴ ከጧት እስከ ማታ ብቻውን ለሕዝቡ ሲፈርድ አይቶ፣ በዚህ ዓይነት አንተም ሕዝቡም ትደክማላችሁ ብሎ እንደ መከረው በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 18 ተጽፏል። ሙሴም የሺህ፣ የመቶ፣ የአምሳና የዐሥር አለቆችን ሾመ። የስካውት ምድብ አሠራር ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ እኔም በዚሁ ምዕራፍ ለመሪዎች በኩራት አስተምሬበታለሁ። ነገር ግን ሳላስተውለው የቀረሁት አንድ ነገር ነበር። የዮቶር ምክር የተሰጠው አስቀድሞ ነው፤ የሙሴ ምሬት የመጣው በኋላ ነው። እነዚያ ሁሉ አለቆች እያሉለት ሙሴ ብቻዬን ነኝ ይላል። ስለ ምን? ሊቃውንቱ በሚገባ ያብራሩት ይሆናል፤ በእኔ በተማሪው አስተያየት ግን ሹመት ማደልና ሸክም ማካፈል አንድ ነገር አይደሉም። እኔ ለልጁ ፊሽካ ሰጥቼዋለሁ። እምነቴን ግን በኪሴ ውስጥ ከላይተሩ ጋር ይዤ ነበር። ለመሆኑ እርሱ ክብሪቱን እንደሚያበላሽ ባልጠረጥር ኖሮ፣ ሲጋራ የማላጨስ ሰው ላይተር ለምን እይዛለሁ?

በዘኁልቁ ግን እግዚአብሔር 70 ሽማግሌዎችን አስመርጦ በሙሴ ላይ ከነበረው መንፈስ ወስዶ በእነርሱም ላይ አደረገ። ከእነዚህ መካከል ኤልዳድና ሞዳድ ከሌሎቹ ጋር ወደ ድንኳኑ ሳይወጡ በሰፈሩ ውስጥ ቀርተው በዚያው ትንቢት ተናገሩ። ኢያሱ ደንግጦ ይከልክላቸው ዘንድ ሙሴን ለመነው። ሙሴ ግን ሕዝቡ ሁሉ እንደ እነርሱ ቢሆን ምኞቱ እንደ ነበረ ተናገረ። ጥቂት ቀደም ብሎ ሞት የለመነው ሰው፣ ሥራው ያለ እርሱና እርሱ ባላሰበው መንገድ ሲሠራ አይቶ ደስ አለው! በመናገሻ ሜዳ ላይ አንድ ልጅ እናቶቻችን ሲያደርጉት የኖሩትን፣ ከጎረቤት እሳት መጫርን አስቦ ነበር። ከልካዩ እኔ ነበርሁ።

ከዚያች እኅት ጋር ሆነን ወደ ልጁ ቤት ሄድን። እናቱ በር ላይ ተቀበሉንና «አጥፍቶ ነው እንዴ?» አሉ። «የለም እትዬ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኋቸው። «ልጅ አይደል? ብትቆጣው ምን አለበት?» ብለው ቡና ሊያፈሉ ተነሡ። ቁጣው ሳይሆን በጓደኞቹ ፊት ማዋረዴ መሆኑን ነገርኋቸው፤ ልጁንም ይቅርታ ጠየቅሁት። ታላቅ ታናሹን ይቅርታ መጠየቁ በእኛ ዘንድ ያልተለመደ ነውና ሦስቱም የሚያዩበት ጠፋቸው። ልጁ መሬት መሬት እያየ «እሺ ጋሼ» ብቻ አለ። በግቢው ውስጥ የተወጠረው የልብስ ማስጫ ከሁለት ገመድ የተያያዘ ነበር፤ ቋጠሮው ሳይንሸራተት ቆሟል።

በቀጣዩ ቅዳሜ በደሉ የተፈጸመው በልጆቹ ሁሉ ፊት ነበርና በልጆቹ ሁሉ ፊት ተናገርሁ። እርሱ ግን በዚያ አልነበረም። በሚቀጥለውም አልመጣም፤ ከዚያ በኋላም ብዙ ቅዳሜዎች አለፉ። አገልግሎቱን የምተውበትን ደብዳቤ በዚያ ሰሞን ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ መጣ። ወደ ሰልፉ አልገባም፤ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ አዲሶቹ ልጆች ገመድ ሲያያይዙ ያይ ነበር። አንዲት ትንሽ ልጅ ሁለቴም ቀኙን ከላይ አደረገች፤ ቋጠሮዋም ተንሸራተተ። ላርማት ወደ እርሷ ጎንበስ ስል ከአጥሩ ማዶ «ግራውን! አሁን ግራውን በቀኝ ላይ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ልጅቷም ፈትታ እንደገና ጀመረች። እኔም ወደ ደረጃዬ ተመልሼ ተቀመጥሁ። ፊሽካው እስካሁን በቦርሳዬ ውስጥ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።