ሳያስቡት ወላጅ ስለ መሆን

በኃይሌ ጋርመንት ሠፈር ማታ ከታክሲ ከሚወርዱት መካከል፥ ሕፃን ያዘለች ወጣትና ከኋላዋ እጁን በኪሱ ከትቶ የሚከተላት ጐረምሳ ብዙ ጊዜ እናያለን። ሳይፈቅድ አባት የሆነ ሰው «አላሰብሁትም» በማለቱ ከግዴታው ነጻ ይሆናልን?

በ1997 ዓ.ም. በካን ከተማ የወርቅ ዘንባባ ሽልማት ያገኘው፥ የቤልጅጎቹ ወንድማማቾች የዳርዴኖች «ሕፃኑ» የተባለው ፊልም ይህንኑ ጥያቄ በጥቂት ንግግር ያነሣል። ብሩኖ አራስ ልጁን በገንዘብ ሸጦ፥ ሌላ እንወልዳለን ሲል እናቲቱን ያጽናናል፤ እርስዋ ራስዋን ስታ ትወድቃለች። እርሱም ደንግጦ ልጁን ሊያስመልስ ይሮጣል። የሮጠው ለሕፃኑ ባለው ፍቅር አይደለም፤ የእርስዋን መውደቅ ስላየ ነው። እኛ ግን ይህን ጅምር አንንቀውም።

ሕፃኑም ልወለድ ብሎ አልፈቀደም፤ ከሦስቱ መካከል ጥሎ ለመሄድ የማይችል እርሱ ብቻ ነው። ስለዚህ አለማሰብ ምክንያት ሊሆን አይችልም እንላለን።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፥ ከወሊድም በኋላ 90 የሥራ ቀን ዕረፍት ሲሰጥ፥ ለአባት የሰጠው 3 ቀን ነው። (ለክርስትናው ድግስ እንኳ አይበቃም!) አባትነትን የሚማረው እንግዲህ ከሥራ መልስ፥ በመንገድ ላይ ነው።

ያ ጐረምሳ ባለፈው ሳምንት ዘንቢሉን ተቀብሏት ሲሄድ አየነው።