«የገዛሁበት ነው»፦ ዮጋ ሸማ ተራ ሲገባ

ዮጋ የጀመርኩት ለወገቤ ነው። መርካቶ ሸማ ተራ፣ አክስቴ ሱቅ ውስጥ ቆሜ ነው የምውለው፤ ጋቢ ማውረድ፣ መዘርጋት፣ ማጠፍ፣ መልሶ መስቀል። ማታ ቤት ስገባ ወገቤ የኔ አይመስለኝም ነበር። ዩቲዩብ ላይ አንዲት ህንዳዊት አስተማሪ አገኘሁና ጠዋት ጠዋት ሃያ ደቂቃ እሷ እንዳለችው መተጣጠፍ ጀመርኩ። ሠራልኝ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ ይሄን አልጽፍም ነበር።

ጣጣው የመጣው ከማንበብ ነው። ይሄ ነገር ከየት መጣ ብዬ የፓታንጃሊን «ዮጋ ሱትራ» በእንግሊዝኛ ትርጉም አወረድኩ። 196 ገደማ በጣም አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች ናቸው። ስለ ሰውነት አቀማመጥ የሚናገሩት ሦስቱ ብቻ ሲሆኑ፣ ሐሳባቸውም ባጭሩ አቀማመጥህ የጸናና የተመቸ ይሁን ነው። እግርን አንገት ላይ ስለመጠምጠም ምንም የለም። የቀረው በአብዛኛው ስለ አእምሮ ነው፤ እንደ ቅዳሜ ገበያ የሚተራመሰውን ሐሳብ እንዴት ማስከን እንደሚቻል።

መንገዱ ስምንት ክፍል አለው። እኔ ወገቤን ያሻሁበት ሦስተኛው ነው። የመጀመሪያው «ያማ» ይባላል፤ አለመጉዳት፣ አለመዋሸት፣ አለመስረቅ፣ ፍትወትን መግታት፣ አለማግበስበስ። ሁለቱን ዘልዬ ሦስተኛው ላይ ተንጠልጥዬ ነበር ማለት ነው። ይሄም ባልከፋ። ያስቸገረችኝ ቀጥላ የምትመጣው ዐረፍተ ነገር ናት። አምስቱ ታላቅ ቃል ኪዳን የሚሆኑት በትውልድ፣ በቦታ፣ በጊዜና በሁኔታ ሳይገደቡ ሲጠበቁ ነው የሚል ሐሳብ አላት። ቪያሳ ጻፈው የሚባለው የጥንት ማብራሪያ ምሳሌ ይሰጣል፦ ዓሣ አጥማጁ ከዓሣ በቀር ምንም አልገድልም ይላል፤ ሌላው በተቀደሰ ቦታ አልገድልም ይላል፤ ሌላው በተቀደሰ ቀን። እነዚህ ሁሉ አጥር ያላቸው ቃሎች ናቸው።

ሳነበው መጀመሪያ ሳቅኩ። «በዚህ በጾም ምድር አልዋሽህም» ስንት ጊዜ ብያለሁ! በጾም ምድር የማልዋሽ ከሆነ በፍስኩ ምን እያልኩ ነው? ቀጥሎ ግን አንድ ሽማግሌ ትዝ አሉኝና ሳቄ ቆመ።

ከገጠር የመጡ ነበሩ። ሆስፒታል ለተኛ ወንድማቸው ጋቢ ፈልገው። በ2,500 ብር የገባውን ጋቢ 4,500 አልኳቸው። «ኧረ ልጄ ቀንስልኝ» አሉ። «አባባ፣ በማርያም! የገዛሁበት ነው» አልኳቸው። ሌላ ሰው ቢሆን «አይ አንተ!» ብሎ ሦስት ሺህ ይለኝ ነበር፤ ተከራክረን ሦስት ተኩል ላይ እንገናኝ ነበር። እሳቸው ግን አመኑኝ። ከጉያቸው አውጥተው ቆጠሩልኝና «ሳታተርፍብኝ ሸጥክልኝ፤ እግዜር በሌላ ይካስህ» ብለው መረቁኝ። «አሜን» አልኩ። አሜን ማለቴ እስካሁን ያቅለሸልሸኛል።

ለአክስቴ ነገርኳት። አክስቴ ከሃያ ዓመት በላይ እዚህ ተራ ውስጥ ሸጣለች፤ እኔንም ያሳደገችኝ በዚሁ ሱቅ ነው። «አንተ ደግሞ! ገበያ እኮ ነው» አለችኝ። «እሱ ዝቅ ይላል፣ አንተ ከፍ ትላለህ፣ መሐል ትገናኛላችሁ። ይሄ ውሸት ከሆነ ሽምግልና የሚላኩት ሰዎች ስለ ልጁ የሚያወሩትም ውሸት ነው።»

በቀላሉ የሚጣል ክርክር አይደለም። ሁለቱም ወገን ጨዋታውን ካወቀ ከፍ አድርጎ ዋጋ መጥራት ውሸት ነው ብዬ አላምንም። አምስት ሺህ ማለት «ከዚህ እንጀምር» ማለት ነው እንጂ ስለ ዓለም የሚናገረው ነገር የለም። «የገዛሁበት ነው» ግን ይናገራል። ማርያምን ስጠራበት ደግሞ ጨዋታውን ራሴ አፈረስኩት፤ አሁን የምለውን እመን እያልኩ ነው። ሽማግሌው ያመኑት ጨዋታውን ስላላወቁ ብቻ አይደለም፤ በስሟ ስለለመንኳቸው ነው። የተጎዱትም በ2,000 ብር ብቻ አይመስለኝም። በመሐላ የሚታመን ሰው ነበሩ፤ የአዲስ አበባ ዋጋ ሲገባቸው እንደዚያ መሆናቸው ይቀራል።

ጎረቤታችን ሐጂ ይሄን ሁሉ ሲሰሙ ገርሟቸው «ቁርኣን ውስጥ ሚዛን ስለሚያጎድሉ ሰዎች ሱራ አለ፤ አል-ሙጠፊፊን። አንተን ህንድ ድረስ ምን አስኬደህ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። መጽሐፈ ምሳሌም የሐሰት ሚዛንን ያወግዛል። ራጉኤልና አንዋር መስጊድ ቅርብ ለቅርብ ሆነው ቅዳሴውም አዛኑም የሚሰማበት ሰፈር ውስጥ ቁጭ ብሎ አለመዋሸትን ከፓታንጃሊ መማር አስቂኝ ነው። መልሴ አያስመካም፦ የራሳችንን በጣም ከመልመዴ የተነሳ አልሰማውም ነበር። ባዳ ሲናገረው ደነገጥኩ።

«የባዕድ አምልኮ አይደለም ወይ?» የሚሉኝ ጓደኞችም አሉ። «ስፖርት ብቻ ነው» ብዬ አላመልጥም፤ በሁለተኛው ክፍል ራስን ለኢሽቫራ፣ ለጌታ መስጠት የሚል አለ። ይሄ እምነት ነው፤ የእኔ እምነት ደግሞ አይደለም። ቃሉ ግን ቤቴን አስታወሰኝ። «ዮጋ» የሚያያዝበት የሳንስክሪት ሥር «ዩጅ»፣ መጥመድ፣ በቀንበር ማጣመር የሚል ትርጉም አለው። በእኛም ግዕዙ «ጸምደ» ይላል፤ ለአንድ ነገር ራሱን የሰጠ ሰው «ጽሙድ» ነው፤ በሬውም ይጠመዳል፣ መናኙም በጸሎት ተጠምዶ ይኖራል። ከቀንበር ጋር የሚሄደው ሐሳብ ደግሞ ሰላምና መዝናናት አይደለም፤ ማረስ ነው። በሬ ማሳው ሲመቸው ብቻ አይጠመድም።

ስለዚህ ለአንድ ሳምንት ሞከርኩ። ዋጋ ከፍ አድርጌ እጠራለሁ፣ እከራከራለሁ፤ ስለገባበት ዋጋ ግን ወይ እውነቱን እናገራለሁ ወይ ዝም እላለሁ። አልምልም። ቀላል ይመስላል አይደል? ከንፈሬ ላይ የተጋገረው መሐላ ብዛት ገረመኝ። ሰኞ ብቻ «ሙት!» ልል ስል ስንት ጊዜ ምላሴን እንደያዝኩ አልቆጠርኩም። ከየትኛውም መታጠፍ ይሄ ይከብዳል። ደንበኛውም ዝምታዬን አልወደደውም። «ስንት ገዛኸው?» ሲለኝ «አልነግርህም» ስል እንደ ኩራት ይቆጥረዋል። አንዱማ «የሚምል ነጋዴ ይሻላል፤ ቢያንስ ያከብረኛል» ብሎኝ ሄደ። እስካሁን እያሰብኩበት ነው፤ ምናልባት መሐላው ለእሱ ማታለያ ሳይሆን ወግ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት አንዲት እናት ነጠላ ይዘው «በማርያም በል፣ መጨረሻው ይሄ ነው?» አሉኝ።

«እናቴ፣ በማርያም አልልም። ከዚህ ግን አልቀንስም።»

አዩኝ። አክስቴንም አዩዋት። ነጠላውን ባንኮኒው ላይ ትተው ወደ ቀጣዩ ሱቅ ገቡ፤ ጎረቤቱ ሲምልላቸው ይሰማኛል። አክስቴ ምንም ሳትል ነጠላውን አንስታ አጠፈችው፣ ቦታው መለሰችው። ከዚያ ወደ እኔ ሳትዞር «የኪራዩ ቀን ማክሰኞ ነው» አለች።