አውራ ጣት በጣሳ ውስጥ

በእህል በረንዳ ስንዴ ሲሰፈር ያየ ሰው ሁለት ዓይነት ሰፋሪ ያውቃል። አንዱ ጣሳውን ሞልቶ ይሰጣል፤ ሌላው አውራ ጣቱን ከጣሳው ከትቶ ይሰፍራል። ገዢው ቆሞ እያየ ነው፤ ገንዘቡንም በገዛ እጁ ይከፍላል። ታዲያ ወዶ ገዝቷልና አልተበደለም እንበልን?

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ጥያቄዬ ስለ ስልካችን ነው። በቅርቡ እናቴ የምትሞላው ሒሳብ በየቀኑ ይቀንስባት ጀመር። ብንመረምረው ለመጣላት መልእክት አንድ ቁጥርን በመላኳ የዕለታዊ መልእክት ደንበኛ ሆና ኖሯል። ለመውጣት ግን «ስቶፕ» ብሎ በእንግሊዝኛ ፊደል መጻፍ ያሻል፤ እናቴ የምታነበው አማርኛ ብቻ ነው።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ባለፈው ዓመት ለልምምድ በሠራሁበት ቦታ «እስማማለሁ» የሚለውን ቁልፍ በትልቁ በአረንጓዴ፣ «አልፈልግም» የሚለውን በደቃቅና በደብዛዛ ቀለም እንድሠራ ታዘዝሁ። ሠራሁ፤ ተመሰገንሁም። «ማንንም አላስገደድሁም፤ የሚነካው ራሱ ነው» እያልሁ ኅሊናዬን አስተኛሁ። የእናቴን ስልክ ባየሁ ጊዜ ግን ከጣሳው ውስጥ ያለው ጣት የእኔ መሆኑን አወቅሁ።

ነገሩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። ሃሪ ብሪግነል የተባለ እንግሊዛዊ በ2010 እ.ኤ.አ. ለእንዲህ ያለው ማታለያ «ዳርክ ፓተርን» የሚል ስም አውጥቶለታል፤ ጨለማ ስልት እንደ ማለት ነው። በ2025 እ.ኤ.አ. አማዞን ደንበኞችን ሳያውቁ አስመዝግቦ መውጫውን አጥብቧል ተብሎ በአሜሪካ መንግሥት የቀረበበትን ክስ በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ዘጋ። የመውጫው መንገድ በውስጥ «ኢሊያድ» ይባል እንደነበር ክሱ ይገልጻል፤ ኢሊያድ ረጅሙ የግሪኮች የጦርነት ግጥም ነው።

«ነጋዴ ዕቃውን ማሳመር ኃጢአት ነውን?» የሚል ይኖራል። አይደለም። ማሳመር ዓይንን ይጋብዛል፤ መሸሸግ ግን ፈቃድን ይሰርቃል። ነጻ ፈቃድ የሰጠን አምላክ እንኳ ሕይወትንና ሞትን በግልጥ በፊታችን አኖረ እንጂ አንዱን በደማቅ፣ ሌላውን በደብዛዛ ቀለም አልጻፈም።

እንግዲህ መመዘኛችን ቀላል ነው፦ መውጫው እንደ መግቢያው ሰፊ ነውን? ሥራዬን ለእናቴ ሰጥቼ፣ ሳላስረዳት ልሄድ እችላለሁን? እኔ ያን ቁልፍ እንዲያስተካክሉት ጠይቄአለሁ፤ መልስ ገና አላገኘሁም። ወደ ፊት እንዲህ ያለ ትእዛዝ ሲመጣብኝ ግን ዝም እንዳልል ጸልዩልኝ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።